እናቴ ያሰረችልኝ ገመድ

ያን ጊዜ ሥራዬ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ካሉት ፎቆች በአንዱ ውስጥ የኢንሹራንስ ውል ማዘጋጀት ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስለ እሳት፣ ስለ ጎርፍና ስለ መገልበጥ እጽፋለሁ። አደጋ የሚባለውን ነገር ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፣ አላገባሁም፣ ከእናቴ ጋር ተወልጄ ባደግሁበት ግቢ እኖራለሁ። ግቢያችን ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። በድንጋይ ግንብ የተደገፈው ጫፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ብታዩ መጀመሪያ የጋሽ ሽኩር ልብስ ስፌት ቤት ጣሪያ፣ ከዚያ ወንዙ ይታያችኋል። በበጋ ወንዝ ብሎ መጥራት ያሳፍራል፤ በላስቲክ መካከል የሚሹለከለክ ቀጭን ውሃ ነው።

የማጫውታችሁ ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነው ነገር ነው። ግን ገመዱ እጃችን እንዴት እንደገባ ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም።

በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ኅብረት አስተባባሪ ነኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ እንጦጦ ማዶ ወጥተን በድንኳን እናድራለን። እናድራለን ማለት እንኳ ይከብዳል። ካቻምና ድንኳኑን ነፋስ ገለበጠው፣ እሳቱ አልያዝ አለ፣ ፓስታውን ጥሬውን ተሸክመን እየተንቀጠቀጥን ሚኒባስ ለምነን ተመለስን። ስለዚህ አምና ኮሚቴው "አልጋ ያለው ቦታ ተከራይተን እንሂድ" ብሎ ወሰነ። እኔ እምቢ አልኩ።

"ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ ስጡን። ድንኳን ተክለን፣ እሳት አንድደን ካላሳየናችሁ ያኔ አልጋችሁን ተከራዩ" አልኳቸው። ከየት አምጥቼ እንደማሳያቸው ግን አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስሄድ፣ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ከዘረጋቸው መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ገለጥኩት። በታይፕ ተመትቶ የተባዛ የድሮ የስካውት መማሪያ ነው። ሥዕሎቹ በእጅ የተሣሉ ናቸው። ድንኳን በነፋስ ጊዜ እንዴት እንደሚተከል፣ በእርጥብ ቀን እሳት እንዴት እንደሚነድ፣ የተጎዳ ሰው በሁለት አጣናና በሁለት ሸሚዝ እንዴት እንደሚሸከሙት፣ ገጽ በገጽ ቋጠሮ። 

"እህት፣ እሱን ተዪው። ራስን ስለማሳደግ አሪፍ አሪፍ አሉልሽ" አለኝ ሻጩ።

"ይሄ ምን ሆነ?"

"እሱማ ጫካ ለሚገባ ሰው ነው። ፒያሳ ላይ ምን ይሠራልሻል?"

ስቄ ገዛሁት።

አሁን እማዬን ላስተዋውቃችሁ። ወይዘሮ በላይነሽ ትባላለች። ዕድሜዋን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ቀሚሷ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሴት ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ነው። እኔ እናቴን ጨርሼ የማውቃት ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ከሱቅ የገዛሁትን ገመድ ይዤ ከአንድ ቋጠሮ ጋር ትግል ገጠምኩ። የማይጠብቅ ቀለበት ነው የሚሠራው። ሥዕሉን አያለሁ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እከፍታለሁ፣ እስበዋለሁ፣ ይፈታል። እማዬ ማዶ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። "ገልብጠሽዋል" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ጫፉን። ከታች ነው የሚወጣው።"

ሰፌዱን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። ገመዱን ሰጠኋት። እያየችው እንኳ አልነበረም፤ የምታየው እኔን ነው። ጣቶቿ አንድ ጊዜ ዞሩ፣ ገቡ፣ ወጡ፣ ሳበችው። በመጽሐፉ ላይ የተሣለው ቀለበት ቁልጭ ብሎ ወጣ።

"ይሄ ሰው ሲታሰርበት ደረቱን አያንቀውም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በቀላሉ ይፈታል" አለች።

"እማዬ፣ የት ተማርሽው?"

"ስካውት ነበርኩ።" ገበያ ሄጄ ነበር እንደማለት አድርጋ ነው ያለችው።

ቀስ እያልኩ አወጣጣኋት። ተማሪ እያለች የሴቶች ቡድን መሪ ነበረች። ገመድና ድንኳን ተሸክመው መናገሻ ጫካ ይወጡ ነበር። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፣ ቡድኑ ተበተነ፣ ዩኒፎርሙ ተጣጥፎ ሳጥን ገባ። ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ጋብቻ፣ ከዚያ እኔ።

"ለምን አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም?"

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?" አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ የቅዳሜ ጠዋታችን ተለወጠ። የኅብረቱ ወጣቶች ወደ ግቢያችን መምጣት ጀመሩ፤ ሁሉም ሥራ ያላቸው ወይም ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ናቸው። እማዬ ሻርፕዋን ደርባ በመካከላችን ትዞራለች። አጣናውን በገመድ ጠፍረን ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ የካምፕ በር እንሠራለን። መጽሐፉ የረሳችውን ያስታውሳታል፤ እሷ ደግሞ ሥዕሉ የማያሳየውን ታሳየናለች። ዳዊት የሚባል ባንክ የሚሠራ ግዙፍ ጓደኛችን አለ፤ ነገር ሁሉ ቀልድ የሆነለት። አንድ ቀን የጠፈረው ሲወላለቅ አየችው።

"እትዬ፣ ሳህን እኮ ነው የሚቀመጥበት" አላት።

"ሰው ይቆምበታል ብለህ እሰር" አለችው።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ደረሰ። ነሐሴ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ትንሽ ጋብ ሲል ልጆቹ መጡ፤ ሳይቆይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና በረንዳው ላይ ተጠጋግተን ቆምን። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው በረዶ ጎንህ ያለውን ሰው እንኳ አያሰማም። እንደገና ሲያባራ ከግቢው ጫፍ በኩል ሌላ ድምፅ ሰማን። ከባድ መኪና መሰለኝ። ግን መኪና ያልፋል፤ ይሄ አላለፈም።

ወደ ግንቡ ሮጥን። ያ የላስቲክ ወንዝ የለም። በቦታው ቡናማ ውሃ እየተገለባበጠ፣ በርሜልና የቤት በር፣ ግንድና ጎማ እየጠቀለለ ይወርዳል። ወደ ጋሽ ሽኩር ቤት የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ተጠርጎ ሄዷል። ውሃው ቤቱን በግራም በቀኝም ዞሮታል። ጋሽ ሽኩር ጣሪያው ላይ ቁጢጥ ብለዋል።

ጋሽ ሽኩር ስድሳን ያለፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሚሠሩትም የሚያድሩትም እዚያችው ቤት ውስጥ ነው። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው፤ የሰፈሩ ቀልድም እንዲሁ።

ዳዊት ስልኩን አወጣና ለእሳት አደጋ ደወለ። "እየመጡ ነው፣ ግን ከታች መንገዱን ጎርፉ ዘግቶታል" አለን። ማዶ የተሰበሰበው ሰው "ዝለሉ! ዝለሉ!" እያለ ይጮኻል። ከግንባችን እስከ ጣሪያው ያለው ክፍተት ሁለት ሰው ተከታትሎ ቢጋደምበት የሚሞላ ነው። ጣሪያው ደግሞ ከእኛ ዝቅ ይላል። የሚዘለል አልነበረም።

"ሽኩር፣ እንዳትንቀሳቀስ! ባለህበት ተቀመጥ!"

ዞር ብዬ ማን እንደጮኸ አየሁ። እማዬ ናት። ያንን ድምፅ ከእሷ ሰምቼው አላውቅም። ወዲያው ወደ እኛ ዞረች።

"የካምፑን በር አፍርሱት። ሁለቱን ረጃጅም አጣና አምጡ። አጫጭሩን ደግሞ እዚህ ደርድሩ። መሰላል ነው የምንሠራው።"

አንድም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀም። ስንት ቅዳሜ የለፋንበትን በር ነቅለን ሁለቱን ረጃጅም እንጨት ጭቃው ላይ አጋደምን፤ ሁሉም የደረሰውን መወጣጫ መጠፈር ጀመረ። ገመዱ ርሷል፣ ጣታችን ደንዝዟል። ከታች ከጋሽ ሽኩር ቤት ግድግዳ ጭቃው እየተናደ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማል። እማዬ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች እያንዳንዱን ማሰሪያ በሁለት እጇ ትወዘውዛለች።

"ይሄኛውን ማን ነው ያሰረው?"

"እኔ" አልኩ።

"ፍቺው።"

"እማዬ፣ ቤቱ እየፈረሰ እኮ ነው!"

"እያየሁት ነው። ፍቺው።"

እንባዬ እየመጣ ፈታሁት። እንደገና አዞርኩ፣ አጠበቅሁ፣ በመሐሉ አሳለፍኩ፣ ሳብኩ። መጥታ ወዘወዘችው። አልተነቃነቀም። ወደሚቀጥለው አለፈች።

መሰላሉ ሲያልቅ ዳዊትና ልጆቹ አንሥተው ቀስ እያደረጉ አሻገሩት። ጫፉ ከጣሪያው ማገር ላይ አረፈ። እማዬ የአንድ ገመድ ጫፍ ላይ ቀለበት ሠርታ ወረወረችላቸው።

"ሽኩር፣ በብብትህ ሥር አስገባው!"

ጋሽ ሽኩር ቀኝ እጃቸውን ሊያነሡ ሞከሩና ፊታቸው ተጨማደደ። "እጄ የለም፣ እትዬ በላይነሽ" አሉ። "ቁም ሳጥኑ ወድቆበታል።" ያኔ ነው እጃቸው እንደ ተሰበረ ክንፍ መንጠልጠሉን ያየነው። በአንድ እጅ፣ በሚንቀጠቀጥ ጣሪያ ላይ፣ ያንን ቀለበት ማጥለቅም በመሰላሉ መሻገርም የማይሆን ነገር ነው። ሄዶ የሚያስራቸው ሰው ያስፈልጋል።

"እኔ እሄዳለሁ" አለ ዳዊት፣ ጃኬቱን እያወለቀ።

"አንተ ከባድ ነህ፤ ጣሪያው አይችልህም" አለችው።

ከዚያ ዓይኗን በየተራ በሁላችን ላይ አሳለፈች።  ከመካከላችን በጣም ቀላሏ ማን እንደሆነች ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም ነበር። እማዬም አውቃዋለች፤ ከአፏ ማውጣት ነው ያቃታት።

"እሺ፣ እሰሪኝ" አልኳት።

አየችኝ።  ገመዱን አንሥታ በደረቴ ዙሪያ አዞረችው። የዚያን ዕለት ማታ ጠረጴዛው ላይ እንዳየሁት ጣቶቿ ዞሩ፣ ገቡ፣ ወጡ። ይህን ጊዜ ግን ዓይኗን ከቋጠሮው ላይ አልነቀለችም። ሳበችው፤ ሁለት ጣቷን በገመዱና በደረቴ መካከል አስገብታ ለካችው።

"አየር ሳቢ" አለችኝ። ሳብኩ። "ውሃውን አትዪ። የሚቀጥለውን እንጨት ብቻ እዪ። አልችልም ካልሽ እጅሽን አንሺ፤ እስብሻለሁ።"

የገመዱን ሌላ ጫፍ በግቢያችን ባለው ትልቅ ጽድ ግንድ ላይ አዞረችው። ዳዊትና ልጆቹ ከኋላ ያዙ፤ እሷ ከግንዱ ቀጥላ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየጸለየች ነበር።

ሌላ ጫፉ በልጆቹ እጅ የቀረ ሁለተኛ ገመድ ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእጄና በጉልበቴ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ስለ ድፍረት እንዳትጠይቁኝ። የማስታውሰው እንጨቱን ብቻ ነው። ይሄ ዳዊት የጠፈረው፤ ቻለኝ። ይሄ የእኔ፤ የፈታሁት። እሱም ቻለኝ። ከሥሬ ያለው ድምፅ እንጨቱን ይነዝረዋል፤ የውሃው ፍንጣሪ ፊቴን ይመታኛል። አንድ ትልቅ ነገር ከቤቱ ጋር ተጋጨና ሁሉ ነገር ተናወጠ። ቆምኩ። ከኋላዬ ድምፅ መጣ፤ "የሚቀጥለውን እንጨት፣ ሜሮን።" ሄድኩ።

ጣሪያው ላይ ስደርስ ጋሽ ሽኩር በደህናው እጃቸው ማገሩን አቅፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ገመዱን ደረታቸው ላይ ሳዞር ቁልቁል አዩኝ።

"ልኬን ልትወስጂ ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

አንባቢዎቼ፣ እዚያ ጣሪያ ላይ ሳቅሁ። ሳቁ ነው መሰለኝ እጄን ያላቀቀልኝ። ጫፉን ከታች አወጣሁት፣ አዞርኩ፣ አስገባሁ፣ ሳብኩ። አልጠበቀም፣ አልተፈታም። ልክ እማዬ እንዳደረገችው ሁለት ጣቴን አስገብቼ ለካሁ።

"በሉ፣ ጋሼ። እኔ ከኋላ እይዝዎታለሁ፣ እነሱ ከፊት ይስቡዎታል።"

"ይቺን ሳልይዝማ አልሄድም" አሉና አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ የላስቲክ ቦርሳ አሳዩኝ። "የነገ ሙሽራ ሱፍ ነች። ልጁ ምን ለብሶ ይቁም?"

ከእሳቸው ጋር መከራከሪያ ጊዜ አልነበረም። ቦርሳውን ጀርባቸው ላይ አዞርኩላቸው። መሰላሉ ላይ ተንፈቅቀው ወጡ። በደህናው እጃቸው እየቧጠጡ፣ በየመወጣጫው "ያ አላህ" እያሉ፣ ልጆቹ ከግንቡ ላይ ገመዱን እየሳቡ፣ አንድ ክንድ፣ ሌላ ክንድ። ግንቡ ጋ ሲደርሱ ዳዊት ጎንበስ ብሎ በብብታቸው ገብቶ አነሣቸው። ማዶ ያለው ሕዝብ ጮኸ።

በዚያው ቅጽበት በወንዙ በኩል ያለው የቤቱ ግድግዳ ሄደ።

ጣሪያው ከሥሬ አዘነበለ። መሰላሉ ከማገሩ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባ፤ እንደ ክብሪት እንጨት ይዞት ሲሄድ አየሁት። እኔ ቆርቆሮው ላይ በሆዴ ተጋድሜ በጥፍሬ ይዣለሁ።

"ሜሮን!" አለች እማዬ። አልጮኸችም፤ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ በላይ ሰማኋት። "ቆርቆሮውን ልቀቂው። ገመዱን በሁለት እጅሽ ያዢ። አለሁ።"

ቆርቆሮውን መልቀቅ በሕይወቴ ካደረግሁት ሁሉ የከበደኝ ነው። እጄ እምቢ አለ። ከዚያ ለቀቅሁ።

ወደቅሁ። ውሃው ወገቤ ድረስ ዋጠኝና ወደ ጎን ጎተተኝ። ገመዱ ደረቴን አጥብቆ ያዘኝ፤ ተወዛውዤ በትከሻዬ ከግንቡ ጋር ተላተምኩ። ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ቋጠሮው ግን አላነቀኝም፤ እተነፍሳለሁ። ከላይ የእማዬ ድምፅ ይመጣል፤ "ሳቡ። ያዙ። ሳቡ። ያዙ።" በእያንዳንዱ "ሳቡ" አንድ ድንጋይ ከፍ እላለሁ። በመጨረሻ የዳዊት ትልቅ እጅ አንገትጌዬን ያዘ፤ የግቢያችን ጭቃ ላይ በፊቴ ተደፋሁ። ቀና ስል የጋሽ ሽኩር ቤት በነበረበት ቦታ ውሃ ብቻ ነበር።

እማዬ አጠገቤ ተንበረከከች። ቋጠሮውን በአንድ ጊዜ ፈታችው።  መዳፏን ገመዱ ደረቴ ላይ የተወው ሰምበር ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ሳታነሣው ቆየች።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሲደርሱ ጋሽ ሽኩርን ሆስፒታል ወሰዷቸው። ከመሄዳቸው በፊት ቦርሳዋን ለእኔ ሰጥተው የሙሽራውን ስልክ ነገሩኝ። ልጁ ማምሻውን መጥቶ ወሰደው፤ የሱሪው ጫፍ አልተቀመቀመም ነበርና እማዬ በእጇ ቀመቀመችለት። ጋሽ ሽኩር ዛሬ እጃቸው ድኗል፤ ከእኛ ግቢ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል አዲስ የስፌት መኪና ተክለው ይሰፋሉ።

ይህ ነገር ምን ለወጠብሽ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጀግና አልሆንኩም። ዝናብ ሲዘንብ አሁንም እበረግጋለሁ። የድሮው ነገር ሁሉ ወርቅ ነው ወደማለትም አልሄድኩም፤ መጽሐፉን እንደገና በኮምፒዩተር ጽፈን ስናባዛ ስለ እባብ ንክሻ የሚለውን ገጽ ከመካከላችን ነርስ የሆነች ልጅ "ይሄ ሰው ይገድላል" ብላ አውጥታዋለች። የተለወጠው ሌላ ነው። እዚያ ቢሮዬ ውስጥ አደጋ ማለት ከደረሰ በኋላ የሚሞላ ወረቀት ነበር። አሁን ከመድረሱ በፊት እጄ ምን ያውቃል ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ሠላሳ ዓመት አብራችሁ የኖራችሁት ሰው ማን እንደሆነ ምናልባት አታውቁ ይሆናል። እስቲ ዛሬ ማታ ገብታችሁ አንድ ነገር ጠይቁት። ወጣት እያለህ ምን ትሠራ ነበር በሉት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

መስከረም ላይ ኮሚቴው ስለ አልጋ አላነሣም። እንጦጦ ማዶ ወጣን። ድንኳኖቻችን ቆሙ፣ በእርጥብ ቅጠል መካከል እሳታችን ነደደ፣ ፓስታውን አብስለን በላን። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ስነቃ ከጎኔ እማዬ የለችም። ደንግጬ ወጣሁ። ከድንኳኑ ከፍ ብሎ ያለ ድንጋይ ላይ ሱሪ ታጥቃ ተቀምጣለች። እናቴን በሱሪ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ከፊት ለፊቷ ጉም ከሸለቆው እየተነሣ ማዶ ያለው ተራራ ቀስ በቀስ ይገለጣል።

"ከዚያ ተራራ ጀርባ ምን አለ?" አለችኝ ዞር ሳትል።

"አላውቅም" አልኳት።

"እኔም አላውቅም" አለችና ተነሣች። "ጫማሽን አድርጊ።"